ብቅል በጎንደር፦ የጠላ ጠመቃ ታሪክና የኢንዛይም ሥራ

ብቅል በውሃ ርሶ፣ በቅሎና ደርቆ የሚፈጭ እህል ነው። ስሙም «በቀለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ብቅል ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ለጠላ ነው። ጥሬ ገብስ ተፈጭቶ በውሃ ቢበጠበጥና ቢከርም ጠላ አይወጣውም፤ ይኮመጥጣል ወይም ይሻግታል። ያው ገብስ ጥቂት ቀናት በቅሎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ ሲጨመርበት ግን ድፍድፉ ይጣፍጣል፣ ይፈላል፣ ጠላ ይሆናል። ይህን ልዩነት የሚያመጡት ፍሬው ሲበቅል የሚሠራቸው ኢንዛይሞች ናቸው።

ኢንዛይም በሕያዋን አካል ውስጥ የሚካሄድን ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በለውጡ የማያልቅ ንጥረ ነገር ነው። ከጥቂቶች በቀር ኢንዛይሞች ሁሉ ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ኢንዛይም አንድን ሞለኪውል ይዞ፣ ቆርጦና ለቆ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ስለዚህ ጥቂት ኢንዛይም ብዙ ሥራ ይሠራል። ጥቂት ብቅል አንድ ጋን ሙሉ ድፍድፍ የሚያጣፍጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የእህሉ አገርና የከተማው ግብር

ገብስ የሰሜን ደጋ እህል ነው። በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ይዘራል፤ በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ፣ ጤፍም ማሽላም በማይበቅልበት ብርድ ሳይቀር ይታረሳል። ወደ ደምቢያና ወደ ጭልጋ ሲወረድ ደግሞ ዳጉሳና ማሽላ ይበዛሉ። እነዚህም ለብቅልም ለጠላም ይሆናሉ፤ ለብቅልነት ግን የሚመረጠው ገብስ ነው፤ ምክንያቱም ሲበቅል የሚያወጣው የኢንዛይም መጠን ከብዙዎቹ እህሎች ይበልጣል።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም ገደማ ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ፣ ከተማዋ የዚህን ደጋ ገብስና የዙሪያውን ቆላ ማር የምትስብ ሰፊ ገበያ ሆነች። ቤተ መንግሥቱ ግብር ያበላ ነበር፤ ግብር ያለ መጠጥ አይታሰብም። ጠጅ የቤተ መንግሥቱና የመኳንንቱ መጠጥ ሲሆን፣ ጠላ የወታደሩ፣ የገበሬው፣ የእጅ ባለሙያውና የካህኑ ነበር። አርባ አራቱ ታቦት እየተባለ በሚጠራው የአብያተ ክርስቲያናት ከተማ ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ተዝካርና የንግሥ በዓል ከዓመት እስከ ዓመት ስለማይቋረጥ የጠላ ጋንም ባዶውን አይከርምም። በእስላም ቤት፣ በኋላ አዲስ ዓለም በተባለው የሙስሊሞች ሰፈር፣ ደግሞ የማያሰክሩት ብርዝና ቀሪቦ ይዘጋጁ ነበር። ብርዝ ያልፈላ የማር ውሃ ነው፤ ከጠጅ በዋናነት የሚለየው እርሾ ሥራውን ስላልሠራበት ነው።

የታላቁ ኢያሱ ሐኪም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ የአገሩን ጠጅ አሠራር ሲመዘግብ፣ ከማርና ከውሃ ሌላ የበቀለ፣ የተቆላና የተፈጨ ገብስ እንደሚጨመርበት ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1770 የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም ከእህል እንጀራ የሚጠመቀውን ጎምዘዝ ያለ መጠጥ ገልጿል። ሁለቱም መጠጡን እንጂ በጋኑ ውስጥ የሚካሄደውን ሊያስረዱ አልቻሉም። በዚያ ዘመን በአውሮፓም ቢሆን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ጠመቃው የሴቶች ሙያ ነበር፤ አሁንም ነው። እናት ለልጇ የምታስተላልፈው ሙያ በመስፈሪያ ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በእጅ ሙቀት፣ በሽታ፣ በድምፅና በቀን ቆጠራ ጭምር ነው። ጠላ ለሽያጭ ሲጠመቅ በደጅ በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ተደፍቶ ይታያል፤ አላፊ አግዳሚው በዚያ ምልክት ጠላ መኖሩን ያውቃል። ለማኅበር የሚጠመቀው ደግሞ ለቀኑ መድረስ አለበት፤ ከቀኑ ቢቀድም ይኮመጥጣል፣ ቢዘገይ ጥሬ ይሆናል። የጠማቂዋ ዋና ችሎታ ይህን ጊዜ መግዛት ነው።

ፍሬው ሲበቅል

ብቅል የምታበቅል ሴት ገብሱን አበጥራ፣ አጥባ፣ ለአንድ ቀን ያህል ውሃ ውስጥ ትነክረዋለች። ከዚያ ውሃውን አጥልላ በኮባ ወይም በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ፣ ድንጋይ ጭናበት ከጥላ ታኖረዋለች። በየጊዜው ገለጥ አድርጋ ታየዋለች፤ ቢደርቅባት ውሃ ታርከፈክፍበታለች፤ ቢሞቅባት ታናፍሰዋለች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነጫጭ ሥሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ገብሱ እንደ ጨርቅ አንድ ላይ ይነሣል። ያን ጊዜ ቆራርሳ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ ስትቀምሳት ጣፋጭ ከሆነች ብቅሉ በቅቷል ማለት ነው።

በፍሬው ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው። የገብስ ፍሬ ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት፦ ወደፊት ተክል የሚሆነው ጽንስ፣ ለጽንሱ ስንቅ የተቀመጠው የስታርች ክምችት፣ እና ክምችቱን የሚከበው አሊዩሮን የሚባል ስስ የሕያው ሴሎች ሽፋን። ደረቅ ፍሬ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 12 ገደማ ብቻ ስለሆነ ሁሉም ነገር አንቀላፍቶ ይቆያል። ውሃ ሲገባ ጽንሱ ይነቃና ጂብሬሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ወደ አሊዩሮን ሽፋን ሲደርስ ሽፋኑ አልፋ አሚሌዝ የተባለውን ኢንዛይም አዲስ መሥራት ይጀምራል። ይህ ኢንዛይም ወደ ስታርቹ ክምችት ይፈስና ረጃጅሙን የስታርች ሰንሰለት ከመካከሉ ይበጣጥሰዋል። ቤታ አሚሌዝ የሚባለው ሁለተኛው ኢንዛይም ግን አዲስ አይሠራም፤ ቀድሞውኑ በፍሬው ውስጥ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ታስሮ ተቀምጧል። ፍሬው ሲበቅል ፕሮቲን የሚቆርጡ ሌሎች ኢንዛይሞች ማሰሪያውን ፈተው ይለቁታል። እሱም የተበጣጠሰውን ስታርች ከጫፍ ጀምሮ ሁለት ሁለት የግሉኮስ አሃድ እየቆረጠ ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ይለውጠዋል። ጠማቂዋ በምላሷ የምታገኘው ጣፋጭነት ይህ ነው።

በዚህች አንዲት ፍሬ ውስጥ ሁለት የቁጥጥር መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ኢንዛይሙ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ፤ ሁለተኛው የተሠራውን አስሮ ማቆየትና በሰዓቱ መፍታት። ሕያዋን ሁሉ በእነዚህ ይጠቀማሉ። በሰው ሆድ ውስጥም ፕሮቲን የሚያፈጩት ኢንዛይሞች ከቆሽት የሚወጡት ታስረው ነው፤ አንጀት ሲደርሱ ይፈታሉ። ታስረው ባይወጡ ቆሽቱን ራሱን በበሉት ነበር።

ፍሬው ከዚህ ሌላ ልጓምም አለው። አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ከጂብሬሊን ጋር ተቃራኒ ሆኖ መብቀልን ይገታል፤ በፍሬው ውስጥም የአልፋ አሚሌዝን ሥራ የሚያግድ ፕሮቲን አለ። የደጋ ገበሬ ይህ ልጓም ሲላላ ጉዳቱን ያውቀዋል፤ አጨዳ ላይ ዝናብ ሲመጣ ገብሱ በዛላው ላይ ይበቅላል፤ ስንቁን ራሱ ስለሚበላ ዱቄቱ ይለግማል፣ ዘሩም ይበላሻል። ለጠማቂዋ ሀብት የሆነው ኢንዛይም ያለ ጊዜው ሲነቃ ለገበሬው ጥፋት ነው።

ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ደግሞ የመጨረሻው ቁጥጥር ነው። ፍሬው በዚያው ቢተው ስኳሩን ለቅጠልና ለሥር ያውለዋል፤ ለጠላ የሚተርፍ አይኖርም። ስለዚህ ጠማቂዋ መብቀሉን መካከል ላይ ታቋርጠዋለች። የፀሐይ ሙቀት ውሃውን ያወጣል እንጂ ኢንዛይሙን አይገድልም፤ ኢንዛይሙ ደርቆ ይተኛና ድፍድፍ ውስጥ እንደገና ይነቃል። በክረምት ግን ፀሐይ ስለሚጠፋ ብቅሉ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ብቅል ማድረስ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

ከጥንስስ እስከ ጠላ

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይፈተጋል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህ የቀደመውን ጠላ ርዝራዥና የማይፈለጉትን ባክቴሪያዎች ይቀንሳል። ከዚያ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ ውሃና ጥቂት ብቅል ተቀላቅለው ጥቂት ቀናት ይቀመጣሉ፤ ይህ ጥንስስ ነው። ጌሾ መራራ ጣዕም ከመስጠቱም በላይ አንዳንድ ጠላ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን ይገታል። ቀጥሎ የተጋገረ ቂጣ ተቆርሶ፣ ብቅልና የጌሾ እንጨት ይጨመራል። በመጨረሻም ከአሻሮ የተሠራ እንኩሮ ሲገባ ድፍድፍ ይሆናል። አሻሮ የተቆላ ገብስ ነው፤ እንኩሮ ደግሞ የአሻሮ ዱቄት በጥቂት ውሃ ታሽቶ በምጣድ የታመሰ ነው።

እንኩሮው ከብቅሉ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ስለ ኢንዛይም ብዙ ያስረዳል። ጥሬ ስታርች በጠባብ ቅንጣቶች ውስጥ የታጨቀ ስለሆነ አሚሌዝ በቀላሉ አይደርስበትም። ውሃና ሙቀት ሲያገኘው፣ ለገብስ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ቅንጣቶቹ ያብጣሉ፣ ይከፈታሉ። ምጣድ ላይ የሚሆነው ይህ ነው። ያው ሙቀት ግን ኢንዛይምን ይገድላል፤ ፕሮቲኑ እንደ እንቁላል ነጭ ክፍል ይረጋና ቅርጹን ያጣል፤ ቅርጹን ያጣ ኢንዛይም ሥራውን ያጣል። ስለዚህ በእንኩሮው ውስጥ የቀረ ሕያው ኢንዛይም የለም፤ የተከፈተ ስታርች ብቻ አለ። ብቅሉ ደግሞ ምጣድ ስላልነካው ሕያው ኢንዛይም ይዟል። አንዱ የሚቆረጠውን፣ ሌላው ቆራጩን ያመጣሉ። እንኩሮው ሳይበርድ ከብቅሉ ጋር እንዳይቀላቀል የሚደረገው ጥንቃቄ ትክክለኛ ምክንያት አለው፤ በትኩሱ ቢደባለቅ ብቅሉ ይሞታል፣ ጠላውም አይፈላም።

ሙቀት ኢንዛይምን ሁልጊዜ አይጎዳም። እስከ ልኩ ድረስ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ከልኩ ሲያልፍ ግን ፕሮቲኑ ስለሚፈርስ ሥራው በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። በደባርቅ ብርድ ኢንዛይሙም እርሾውም ይዘገያሉ፤ ጠላው ለመድረስ ተጨማሪ ቀናት ይፈልጋል። ጋኑን ምድጃ አጠገብ ማኖር ወይም በጨርቅ መጠቅለል ይህን ለማካካስ ነው።

በድፍድፉ ውስጥ ሁለት ሥራዎች አንድ ላይ ይሄዳሉ። የብቅሉ አሚሌዝ ስታርቹን ስኳር ያደርጋል፤ እርሾ ደግሞ ስኳሩን አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርጋል። ሁለቱ ጎን ለጎን መሄዳቸው ይጠቅማል። ብዙ ጊዜ የአንድ ኢንዛይም ውጤት ሲከማች ኢንዛይሙን ራሱን ያዘገየዋል፤ ማልቶስም ሲበዛ አሚሌዝን ያዳክማል። እርሾው ስኳሩን እየበላ ስለሚያነሣለት ግን አሚሌዝ ሳይታገድ ይቀጥላል።

እርሾም የራሱ ሥርዓት አለው። ግሉኮስና ማልቶስ አንድ ላይ ሲቀርቡለት ግሉኮሱን ያስቀድማል። ግሉኮስ እስካለ ድረስ ማልቶስን የሚቆርጠውን ኢንዛይም የሚሠሩት ጂኖች ዝግ ናቸው፤ ግሉኮሱ ሲያልቅ ይከፈታሉ። አየር ሲያገኝ ደግሞ ስኳሩን በጥቂቱ እየበላ ብዙ ጉልበት ያገኛል፤ አየር ሲያጣ ብዙ ስኳር አብላልቶ አልኮል ያወጣል። የዚህ መቀያየሪያ አንዱ ቁልፍ ፎስፎፍራክቶካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። በሴሉ ውስጥ ኤቲፒ የሚባለው የጉልበት ሞለኪውል ሲበዛ ከኢንዛይሙ ጎን ተጣብቆ ያዘገየዋል፤ ሲያንስ ይለቀዋል። ከድፍድፉ በኋላ ውሃ ተሞልቶ የጋኑ አፍ ተከድኖ በጭቃ ሲመረግ፣ እርሾው ወደ አልኮል ሥራው እንዲያዘነብል ይሆናል። ጆሮ ሲጠጉበት የሚሰማው የመፍላት ድምፅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣ ነው።

አሲድም እንዲሁ ይቆጣጠራል። በጋኑ ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረው ይኖራሉ፤ ልክ ያለ ኮምጣጣነት ጠላውን ጣዕም ይሰጠዋል፣ ከመጥፎ ባክቴሪያም ይጠብቀዋል። ከልኩ ካለፈ ግን የብቅሉ አሚሌዝ ቅርጹን እያጣ ይቆማል። ጠላው ከደረሰ በኋላ ሳይጠለል የሚጠጣው ጉሽ ይባላል፤ ዝቃጩ ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚገኘው ደካማው ደግሞ ቅራሪ ነው። የቀረው አተላ ለከብት ይሆናል።

ጠጅ፣ ፖንሴ እንደጻፈው ብቅል ቢጨመርበትም፣ ብቅል የግድ የማያስፈልገው ለምን እንደሆነም በዚህ ይታወቃል። ንብ የአበባውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስትሰበስብ ከእጢዋ በሚወጣ ኢንቨርቴዝ የተባለ ኢንዛይም ሱክሮሱን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ከፍላዋለች። እርሾው የሚፈልገው ስኳር ቀድሞ የተዘጋጀ ስለሆነ ውሃና ጌሾ ይበቁታል። በጠላ ብቅል የሚሠራውን በጠጅ ንቧ አስቀድማ ሠርታዋለች።

ስም የተሰጠው በኋላ ነው

የአውሮፓ ሳይንስ መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ኢንዛይም ከዚሁ ከገብስ ብቅል የተገኘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ፈረንሳውያኑ አንሴልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፐርሶ ከብቅል ውሃ ላይ በአልኮል አንድ ነጭ ነገር አረጉ፤ ጥቂቱ ብዙ ስታርች ወደ ስኳር ለወጠ፤ ሲፈላ ግን ኃይሉን አጣ። ዲያስቴዝ ብለው ሰየሙት፤ ዛሬ አሚሌዝ የሚባለው ነው። «ኢንዛይም» የሚለውን ስም ጀርመናዊው ቪልሄልም ኩነ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ አወጣው፤ ትርጉሙ በግሪክ «እርሾ ውስጥ» ማለት ነው። ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1894 ኢንዛይምና የሚቆርጠው ነገር እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር የሚገጣጠሙ መሆናቸውን አስረዳ። ኤድዋርድ ቡክነር እ.ኤ.አ. በ1897 እርሾን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጭማቂውን ብቻ ወስዶ ስኳር ቢጨምርበት ፈላ፤ መፍላት ሕያው ሴል የግድ እንደማያስፈልገው፣ ኢንዛይሙ ብቻውን እንደሚበቃ ታወቀ። ኢንዛይም ፕሮቲን መሆኑን ጄምስ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1926 አሳየ። ጂብሬሊን በገብስ ፍሬ ውስጥ አሚሌዝን እንደሚያሠራ የታወቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ነው። ኮባ ውስጥ ተጠቅልሎ ድንጋይ የተጫነበት ገብስ ከዚህ ሁሉ ቀድሞ በቅሎ፣ ደርቆ፣ ተጠምቆ ነበር።

ከጋን ወደ ፋብሪካ

በአገሪቱ የመጀመሪያው የብቅል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ። በጎንደር የዳሸን ቢራ ፋብሪካ በ1990ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ሲቋቋም ለደጋው ገብስ ሌላ ገዥ መጣ፤ በኋላም የጎንደር ብቅል ፋብሪካ ተጨመረ። የወገራና የዳባት ገበሬዎችም ከቆየው ገብስ ጎን የቢራ ገብስ መዝራት ጀመሩ።

ፋብሪካው የሚያደርገው ከጠማቂዋ በዓላማ አይለይም፤ የሚለየው በመለኪያ ነው። ገብሱ ውስጡ ያለው ውሃ ከመቶ 45 ገደማ እስኪሆን ይነከራል፤ አየር በማሽን እየተነፋበት ይበቅላል፤ በሞቃት አየር ይደርቃል። ቢራው ሲጠመቅ የብቅሉ ውሃ መጀመሪያ ወደ 62 ወይም 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህ ለቤታ አሚሌዝ የተመቸ ነው። ከዚያ ወደ 72 ዲግሪ ይወጣል፤ ሙቀት የሚችለው አልፋ አሚሌዝ ሥራውን ይጨርሳል። በመጨረሻም ፈልቶ ኢንዛይሞቹ ሁሉ ይገደላሉ፤ ስኳሩ የነበረበት ይጸናል። ጠላ ውስጥ ግን ብቅሉ በእሳት አይፈላም፤ ኢንዛይሙ ከእርሾው ጋር እስከ መጨረሻው አብሮ ይሠራል። ጠላ ቶሎ የሚለወጠውና ለረጅም ጊዜ የማይቆየው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ትናንት ጣፋጭ የነበረው ዛሬ ይከርራል፣ ነገ ይኮመጥጣል።

ቢራ በጠርሙስ ወደ ደጋው ከገባ በኋላም ለማኅበር፣ ለሰንበቴና ለተዝካር የሚቀርበው ጠላ ነው። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ብቅል ዛሬም ከጌሾ ጎን ይሸጣል።